አባቷን የካደች መኪና

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። አህያ አባቴ ነው ከማለት የእናትን ወገን መቁጠር ይሻላል ብላ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የሚንጎማለሉትን ትልልቅ የቅንጦት መኪኖች ባየሁ ቁጥር ይህ ተረት ትዝ ይለኛል። እነሱም አባት አላቸው። አባታቸው በጭቃና በድንጋይ መካከል ሲማስን የኖረ የጉልበት ሠራተኛ ነው። ልጆቹ ግን ስሙ ሲነሣባቸው አይወዱም። የሚወራላቸው ስለ ቆዳ ወንበራቸው፣ ስለ ጥቁር መስታወታቸውና ስለ ሞተራቸው ጉልበት ነው።

«መኪና ደግሞ ምን ሂስ አለው? ሂስ ለልብ ወለድ፣ ለግጥም፣ ለቴአትርና ለሥዕል ነው እንጂ!» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ አለው ባይ ነኝ። ልብ ወለዱ ያልጣመው አንባቢ መጽሐፉን ከድኖ ያስቀምጣል። ቴአትሩ የሰለቸው ተመልካች ተነሥቶ ይወጣል። ትልቁን መኪና ግን የገዛውም ያልገዛውም፣ የወደደውም የጠላውም መንገድ ላይ እኩል ያገኘዋል፤ አላየሁትም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቅርጽ አለው፤ ይዘት አለው፤ ለተመልካች የሚያስተላልፈው መልእክትም አለው። እንግዲህ እንደማንኛውም የሰው ልጅ ሥራ ሊመዘን ይገባል። የምመዝንበት ጥያቄ ቀላል ነው። ይህ መኪና በየዕለቱ ለምንመላለስበት መንገድ ከልክ በላይ ትልቅ ነው ወይስ አይደለም?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከአባትየው ልጀምር። እንግሊዞች የመጀመሪያውን ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ ሲያቀርቡ በዋነኛነት ያሰቡት ገበሬውን ነበር። ከጎን እስከ ጎን ስፋቱ 1 ሜትር ከ55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። የጃፓኑ ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ1951 ተመሳሳይ መኪና ሠራ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም «ላንድ ክሩዘር» የሚል ስም አወጣለት። የእነዚህ ሁለት መኪኖች ዘሮች በአገራችን ያላቸው ውለታ የሚካድ አይደለም። መንገድ ባልደረሰበት ወረዳ ክትባት ያደረሱ፣ መሐንዲስና የግብርና ባለሙያ ያመላለሱ፣ በምጥ የተያዘች እናት ሐኪም ቤት ያበቁ ናቸው። ላንድሮቨር በገጠር ከተሞቻችን የአንድ መኪና ስም መሆኑ ቀርቶ የመኪና ሁሉ መጠሪያ ሊሆን ምንም ያልቀረው ጊዜ ነበር።

አሁን ደግሞ ልጆቹን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2020 ገበያ ላይ የዋለው አዲሱ ላንድሮቨር ዲፌንደር ስፖኪዮው ሳይቆጠር 2 ሜትር ስፋት ሊሞላ የቀረው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እኛ «ቪ8» እያልን የምንጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው ላንድ ክሩዘር 200 ደግሞ ርዝመቱ 4 ሜትር ከ95፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ98 ሴንቲ ሜትር ነው። ክብደቱም ሰውና ዕቃ ሳይጫንበት 25 ኩንታል ገደማና ከዚያ በላይ ይሆናል። «ቪ8» የሚለው ስም የመጣው ከስምንት ሲሊንደር ሞተሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እሱን የተካው ላንድ ክሩዘር 300 ሲወጣ ሞተሩ ወደ ስድስት ሲሊንደር ወረደ። ስፋቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። አስፋልት ብርቅ በነበረበት ዘመን የመንገድ አልባው አገር መኪና ጠባብ ነበር። አስፋልቱ እየበዛ ሲሄድ መኪናው ሰፋ። ጭቃው፣ ገደሉና ወንዙ ያልጠየቁትን ስፋት ሳሎኑ ጠየቀ ማለት ነው። ወንበሩ እንዲንደላቀቅ፣ በሩ እንዲወፍር፣ የፊቱ ግርማ እንዲያስፈራ ሲባል ነው የተንሰራፋው።

የባለ መኪናዎቹን ክርክር ሳልሰማ ግን አልፈርድም። የመጀመሪያው «መንገዳችን ጉድጓድ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ጎማ ይውጣል፤ ከፍ ያለ መኪና ካልያዝን እንዴት እንኖራለን?» የሚል ነው። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ሆኖም ከፍታና ስፋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሱዙኪ ጂምኒ የምትባለውን ትንሽ ጂፕ እንውሰድ። ከመሬት የምትርቀው 21 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ላንድ ክሩዘር 200 የሚርቀው 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነታቸው የሁለት ጣት ውፍረት ያህል ነው። ወደ ጎን ስንለካ ግን ጂምኒ 1 ሜትር ከ65 አይሞላትም፤ ከትልቁ ጋር ከ33 ሴንቲ ሜትር በላይ ትለያያለች። ክብደቷ ደግሞ ከግማሹ በታች ነው። ጉድጓዱን ለመሻገር የሚያስፈልገው ከፍታ ከሆነ ከፍታውን ያለ ስፋቱ ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ ጉድጓዱ ለከፍታው ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ለስፋቱ ግን ሊመሰክር አይችልም።

እስቲ ደግሞ የከተማውን ሒሳብ እናስላ። የእኛ ነጭና ሰማያዊ ሚኒባስ፣ ያ ረዳቱ በበሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አራት ኪሎ! ፒያሳ!» የሚልበት አሮጌው ሃይ ኤስ፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ69 ነው። በሕጉ ቢሄድ እንኳ 12 ሰው ያህል ይጭናል። ከጎኑ የቆመው ትልቁ መኪና ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋዋል። ውስጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው ነው ያለው፤ ሾፌሩና ከኋላ ጋዜጣ የሚያነቡት ሰውዬ። በጠዋቱ ሰልፍ ላይ የማን ሰዓት ከማን እንደሚበልጥ የሚነግረን ደንብ የለም። ስፋቱ ግን መልሱን አስቀድሞ ሰጥቶናል።

ወደ ቅያሶቹ እንግባ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በርካታ አውራ መንገዶች ሰፍተዋል፤ የእግረኛና የብስክሌት መንገድም ተሠርቶላቸዋል። የሠፈር ውስጥ ኮብልስቶን ግን አብዛኛው እንደ ጥንቱ ነው። ስፋቱ 4 ሜትር ከ50 የሆነ ቅያስ እናስብ። ሁለት አሮጌ ላዳዎች በዚያ ሲተላለፉ ሁለቱ ተደምረው 3 ሜትር ከ22 ሴንቲ ሜትር ይይዛሉ። 1 ሜትር ከ28 ይተርፋል፤ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት በጥግ በኩል ልታልፍ ትችላለች። ሁለት ትልልቅ ላንድ ክሩዘሮች ሲተላለፉ ግን 3 ሜትር ከ96 ይይዛሉ። የቀረውን ግማሽ ሜትር አራቱ ስፖኪዮዎች ይሻሙበታል። ሴትየዋ ከሰው ደጃፍ ገብታ ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች። ማንም አልሰደባትም፤ ማንም «ዞር በይ» አላላትም። መንገዱ ብቻ ከእግሯ ሥር ተወሰደባት።

በኮንዶሚኒየም ግቢ የሚኖር ሰው ደግሞ የማቆሚያውን ጭቅጭቅ ያውቀዋል። የተለመደው የመኪና ማቆሚያ ልክ 2 ሜትር ከ50 በ5 ሜትር ነው። ትልቁ መኪና በዚህ ውስጥ መሀል ለመሀል ቢቆም በግራና በቀኝ 26፣ 26 ሴንቲ ሜትር ይቀረዋል። በዚህ ክፍተት በር ከፍቶ የሚወጣ ሰው ዓይነቱ ምን እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ ሁለት ቦታ ይይዛል፤ ጎረቤት ይቆጣል፤ ዘበኛው በመሀል ቤት ይሰደባል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ምቾትና ስለ ክብር ነው። ከዚህ የሚብስ አለ። ከእነዚህ መኪኖች የብዙዎቹ ኮፈን ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ቁመቱ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ የእግረኛ አደጋዎችን መርምሮ ባወጣው ጥናት፣ ኮፈናቸው ከ1 ሜትር በላይ የሆነ መኪኖች ኮፈናቸው ከ76 ሴንቲ ሜትር ከማይበልጥና ፊታቸው ካዘቀዘቀ መኪኖች ጋር ሲነጻጸሩ የገጩትን እግረኛ የመግደል ዕድላቸው በ45 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አስታውቋል። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። ዝቅ ያለው መኪና እግር መትቶ ሰውየውን ኮፈኑ ላይ ይጥለዋል። ከፍ ያለው ግን ደረትና ጭንቅላት ይመታል፤ ወደ ፊት ጥሎም በላዩ ሊሄድበት ይችላል።

በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ያየሁትን ልጨምር። ልጆች የሚወጡበት ሰዓት ነበር። አንድ ትልቅ መኪና ልጁን ለመውሰድ የመጣ አባት ይዞ ቆሟል። ሊነሣ ሲል ዘበኛው ሮጦ ኮፈኑን በመዳፉ ደበደበው። ከፊቱ አንዲት ሕፃን የወደቀ እርሳሷን ልታነሣ ጎንበስ ብላ ነበር። አባትየው ደንግጦ ወረደ። ግዴለሽ ሰው አልነበረም፤ ዐይኑም ጤነኛ ነው። ከመቀመጫው ሆኖ ሕፃኗን ማየት አይችልም ነበር። እንግዲህ አብዛኛው ሕዝብ በእግሩ በሚሄድበት፣ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች በሆኑበት ከተማ ውስጥ «የመኪናዬ መጠን የግሌ ጉዳይ ነው» የሚለው አነጋገር አያስኬድም።

ሁለተኛው ክርክር «ለቤተሰቤ ደኅንነት ነው የገዛሁት» የሚለው ነው። ይህን የሚለውን አባት አልነቅፍም። ነገር ግን ደኅንነቱ ከየት ተገኘ? ሁለት መኪኖች ሲጋጩ የከባዱ ክብደት የሚያርፈው በቀላሉ ላይ ነው። የእኔ ቤተሰብ የዳነው በቪትዙ ውስጥ ያለውን ቤተሰብ ጎድቶ ከሆነ አደጋውን ለሌላ ሰው አስተላለፍኩት እንጂ አላጠፋሁትም። ባለ ቪትዙም ይህን ሲያይ በተራው ትልቅ መግዛት ይመኛል። ፉክክሩ መጨረሻ የለውም። በመጨረሻ የሚቀረው ምንም የማይገዛው እግረኛ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት በግልጽ አይነገርም፤ ግን ዋናው እሱ ይመስለኛል። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ የመኳንንቱ ክብር የሚለካው በበቅሎና በአጀብ ነበር። ጌታ ሲያልፍ ዝቅ ያለው ሰው ከበቅሎው ወርዶ እጅ ይነሣል። የአሽከሩ ብዛት መንገዱን ሲሞላው የጌትነቱ መጠን ይታወቃል። በቅሎዋ ቀረች፤ አሽከሮቹም ተበተኑ፤ ልማዱ ግን ወደ ቆርቆሮው ገባ። ዛሬ አጀቡ የኮፈኑ ስፋት ነው። ክላክሱ «ጌታ መጡ» ይላል፤ እኛም ጥግ እንይዛለን። ትራፊክ ፖሊሱ እንኳ ላዳውን ሲያስቆም የማያመነታው እጁ በጥቁር መስታወት ፊት ሲደርስ ትንሽ ያንገራግራል። ስለዚህ ሰው ትልቁን መኪና የሚመኘው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ትንሹን መኪና ማን እንደሚያከብረው ስላየ ነው።

በሌላው ዓለም ጉዳዩ በድምፅ እስከ መወሰን ደርሷል። የፓሪስ ነዋሪዎች በጥር 2016 ዓ.ም. ለከባድ መኪኖች የማቆሚያ ዋጋ በሦስት እጥፍ ይጨመር አይጨመር ተብለው ተጠይቀው 54 ነጥብ 5 በመቶ የሚሆኑት ድምፅ ሰጪዎች ይጨመር አሉ። ከመራጩ ድምፅ የሰጠው 6 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበርና ውጤቱን ማጋነን አይገባም። ደንቡ ግን ሥራ ላይ ውሏል፤ ከከተማዋ ነዋሪ ውጭ ያለ ሰው ከባድ መኪናውን መሀል ከተማ ሲያቆም የሰዓቱ ዋጋ 18 ዩሮ ሆነ።

በእኛ አገር ለረጅም ጊዜ መኪና የሚቀረጠው በሞተሩ መጠን ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም ሞተርንና የአገልግሎት ዘመንን መለኪያ አድርጓል። ስፋት መለኪያ ሆኖ ባያውቅም ትልቅ መኪና ትልቅ ሞተር ስለሚፈልግ በተዘዋዋሪ ልጓም ነበረው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲወሰንና ኤሌክትሪኮቹ ሲበዙ ግን ይህ ልጓም ላላ። የኤሌክትሪክ መኪና ሲሊንደር የለውም። በከተማችን የሚታየው ባለ ስድስት ወይም ባለ ሰባት ሰው መቀመጫው ቮልስዋገን አይዲ 6 ርዝመቱ 4 ሜትር ከ88፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ85 ገደማ ሲሆን ባትሪው ከባድ ያደርገዋል። ጭስ አለመኖሩ በረከት ነው። ግድግዳ ላይ ለተለጠፈችው ሴትዮ ግን በጭስ ተገፋች ያለ ጭስ ተገፋች ለውጡ ግማሽ ነው።

ፍርዴን ልስጥ። ለአፋር በረሃ፣ ለባሌ ጭቃ፣ ሕመምተኛ ለማውጣትና የመስክ ሥራ ለመሥራት ትልቁ መኪና መልካም ሥራ ነው፤ አባቱን አላሳፈረም። ከቦሌ አራት ኪሎ ስብሰባ ለመሄድ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስና ሥጋ ቤት ደጃፍ ለመቆም ግን ከልክ በላይ ትልቅ ነው። ስለዚህ ቀረጡም የማቆሚያውም ዋጋ ሞተርን ብቻ ሳይሆን ስፋትንና ክብደትን ይመልከት። መሥሪያ ቤቶችም ትልቁን ለመስክ፣ ትንሹን ለከተማ ይመድቡ። ይህ ለአለቆች የሚከብድ ትዕዛዝ አይደለም፤ ከትንሽ መኪና ሲወርዱ ሥልጣናቸው አብሯቸው አይቀንስም። እስከዚያው መንገዱን ማስፋቱ ብቻውን አያድነንም፤ በሰፋ ቁጥር የሚሰፋ መኪና ካመጣንበት፣ ያቺ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት ዛሬም ነገም የምታልፍበት ያው ጥጉ ነው።