ስም የሌለው ሙዚቃ
በኪቶ ፉርዲሳ ተማሪዎች ዘንድ ስለሚደመጡ በግል የታተሙ አልበሞች የቀረበ አስተያየት

በኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚማር ተማሪ ሙዚቃ የሚያገኘው በሦስት መንገድ ነው። ይኸውም አንደኛው ከሬዲዮ፣ ሁለተኛው ከስልኩ፣ ሦስተኛው ወደ መሐል ጅማ ወይም ወደ አጋሮ በሚሄድበት ጊዜ ሾፌሩ በፍላሽ ጭኖ ከሚያሰማው ነው። በሦስቱም መንገድ የሚደርሰን ሙዚቃ ብዙ ነው፤ ነገር ግን አንድ የጋራ ጉድለት አለበት። ሙዚቃው ይሰማል እንጂ ማን እንደ ደረሰው፣ ማን እንዳቀናበረው፣ ከየትኛው አልበም እንደ ተወሰደ አይነገርም። የድምፃዊው ስም ቢታወቅ እንኳ የሳክስፎን ተጫዋቹን ወይም የአቀናባሪውን ስም ሊነግረን የሚችል ጓደኛ የምናገኘው በብዙ ፍለጋ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በትልልቅ ኩባንያዎች ሳይሆን በግለሰቦችና በአነስተኛ አሳታሚዎች የወጡ ጥቂት የኢትዮጵያ አልበሞችን መርምሮ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ በሙሉነቱ ማድመጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ማሳየት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን ከቅርባችን እንጀምር። ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 የተወለደው በዚሁ በጅማ ከተማ ነው። ወደ ዌልስ የተላከው እንደ ብዙዎቻችን ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ እዚያ ግን ዝንባሌው ወደ ሙዚቃ አመዘነና በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ አገር በቦስተን በርክሊ ተማረ። በ1966 በኒው ዮርክ ከአንድ አነስተኛ አሳታሚ ጋር «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት አልበሞች አወጣ፤ በ1972 ደግሞ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አስከተለ።

በዚያው ዘመን በአገራችን ውስጥ ሸክላ ማሳተም ቀላል ነገር አልነበረም። በ1948 በወጣው ውሳኔ መሠረት ሸክላ ለማስመጣትና ለማሳተም ሥልጣን የተሰጠው የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ይህን አጥር ጥሶ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በራሱ ስም አወጣ፤ አገሩን ለቆ እስከ ወጣበት እስከ 1975 ድረስም ሥራውን ቀጠለ። ዛሬ «በግል የታተመ አልበም» የምንለው ነገር በኢትዮጵያ ሥር የያዘው በዚህ ዓይነት ድፍረት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የሙላቱ «ኢትዮ ጃዝ» የተባለው አልበም በ1974 የታተመው በአምሃ በኩል ነው። ይህን ሥራ ከ1966ቱ ጋር ያስተያየ አድማጭ ልዩነቱን ወዲያው ይረዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች ውስጥ የኢትዮጵያ ዜማ በላቲኖች ቤት እንደ ተጋበዘ እንግዳ ነው፤ በአክብሮት ተቀምጧል፣ ግን የቤቱን ሥርዓት የሚወስነው ሌላ ነው። በ1974ቱ ግን ነገሩ ተገላብጧል። አምስቱ የቅኝታችን ድምፆች ባለቤት ሆነው፣ የውጭው ምትና የጃዝ አሰካክ እንግዳ ሆነው ይገባሉ። «የካቲት» በተባለው ክፍል ውስጥ ከሥር ያለው ምት አንድ ነገር እየደጋገመ ሳይቸኩል ይሄዳል፤ ዜማው ከላይ ሆኖ እንደ ሰው ንግግር ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ያቆማል። ሙዚቃው የሚያሳዝን ነው ወይስ የሚያስደስት ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ያስቸግራል፤ ጥንካሬውም ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

በዚህ አልበም ላይ የሳክስፎን ተጫዋቹ የፈቃደ አምደ መስቀል ስም ከሙላቱ ስም ጋር ተጠቅሷል። አሳታሚው ሳክስፎን ተጫዋቹን በስም መጥቀስ ተገቢ መሆኑን ከሃምሳ ዓመት በፊት አውቆታል። እኛ ዛሬ ያንኑ ሙዚቃ በስልካችን ስንቀባበል ግን ሽፋኑ ጠፍቶ፣ ስሙ ተሰርዞ፣ «ሦስተኛ» ወይም «ያልታወቀ» የሚል ጽሕፈት ብቻ ይዞ ይደርሰናል።

በቃል ያልታጀበ ሙዚቃ ደግሞ ከዘፈን የበለጠ ይጎዳል። ዘፈን ስሙ ቢጠፋ እንኳ አድማጭ በአዝማቹ ያስታውሰዋል፤ በመሣሪያ ብቻ የተሠራው ግን የሚጠራበት ቃል የለውም። ስለዚህ በሬዲዮና በቴሌቪዥን በሁለት ዝግጅቶች መካከል ክፍት ቦታ መሙያ፣ የማስታወቂያና የሐዘን መግለጫ ማጀቢያ ይሆናል። የሙላቱን ሙዚቃ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ነገር ግን «አሁን የምትሰሙት እገሌ የተባለው ሥራ ነው» ተብሎ ስንሰማ ብዙ ጊዜ አላጋጠመንም። በጅማ የተወለደ ሰው ሙዚቃ በጅማ ሻይ ቤት ውስጥ ስም ሳይኖረው ሲሰማ፣ በሌላ በኩል ፈረንሳይ አገር በ1998 «ኤትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ እትም አራተኛ ቅጽ ሙሉውን ለእርሱ ሰጠ፤ በ2005 ደግሞ «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ለዓለም አሰማው። ይህ የሚያኮራ ነው ብለን ብቻ ልናልፈው አይገባንም፤ ሊያሳስበንም ይገባል።

በ2025 የወጣው «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» የተባለው አልበም የቀድሞዎቹን ድርሰቶች፣ ለምሳሌ «የከርሞ ሰው»ንና «ነፃነት»ን፣ እንደገና የሚያቀርብ ነው። በዚህኛው ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ከጃዝ ባንዱ ጋር ተሰልፈዋል። በእኛ አስተያየት የአልበሙ ዋጋ ደራሲው በሰማንያ ዓመቱ የራሱን ሥራ እንደ ተማሪ መመርመሩ ነው። ድምፁ የጠራ፣ ቦታው የሰፋ ነው። ይሁን እንጂ እንከን የለውም አንልም። የ1974ቱ ሥራ ጠባብ ስለ ነበረ ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው ይገፋፉ ነበር፤ ከዚያ መገፋፋት የሚወጣ ሙቀት ነበረው። በአዲሱ ውስጥ ሁሉም በየተራው በጨዋነት ይናገራል፤ ማሲንቆውም አንዳንድ ጊዜ ክርክሩን የሚመራ ሳይሆን ቤቱን ለማሳመር የተሰቀለ ይመስላል። ሆኖም ይህን ፍርድ ልንሰጥ የቻልነው ሁለቱን አልበሞች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስላደመጥን ነው። አንድ ቁራጭ ብቻ ሰምቶ ይህን መለየት አይቻልም።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ በአሜሪካ አገር ከቀረ በኋላ በ1985 «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት አወጣ። ባንድ አልነበረውም፤ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የምት መምቻ መሣሪያውን ይዞ ብቻውን ሠራው። የመሣሪያው ምት ደረቅ ነው፤ እንደ ሰው እጅ አይተነፍስም። ነገር ግን በላዩ ላይ አኮርዲዮኑ ሲንሸራሸር፣ የደረቀው ምት ብቸኝነቱን ያጎላለት እንደ ሆነ እንጂ እንዳበላሸው አይሰማንም። በዶርም ውስጥ አንድ ላፕቶፕና አንድ ማዳመጫ ብቻ ይዞ ሙዚቃ ለመሥራት ለሚመኝ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

የዚህ ካሴት ታሪክም ነገራችንን ያስረዳል። ኃይሉ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ፣ ባለቤቱን በስሙ ፈልጎ ደረሰበትና በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ያ ካሴት ሽፋኑ ጠፍቶ ስም የሌለው ቁራጭ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ማን ማንን ይፈልግ ነበር? በካርቶን ላይ የተጻፈ አንድ ስም ለአንድ ሙዚቀኛ ሁለተኛ ዕድሜ ሰጥቷል።

ይህ ችግር በአማርኛ ሙዚቃ ወይም በቀድሞ ሰዎች ብቻ የተወሰነ አይደለም። በ2022 ያረፈው ዓሊ ቢራ በዚህ በጅማ ዙሪያ የማይዘፈንበት ሠርግ የለም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የትኛው ዘፈኑ ከየትኛው ዘመን እንደ ሆነ ለይተን ካላወቅን የኦሮምኛን ዘመናዊ ሙዚቃ ዕድገት እንዴት አድርገን እናጠናለን? በ2018 የወጣው የሮፍናን ኑሪ «ነጸብራቅ»ም እንደዚሁ ነው። የኤሌክትሮኒክ ድምፅን ከአገር ቤት ምት ጋር ያዋሐደ፣ ከክፍል ወደ ክፍል እየተያያዘ የሚሄድ ሥራ ሆኖ ሳለ ብዙዎቻችን ለጭፈራ የሚሆነውን ብቻ ቆርጠን ይዘናል። ይህም ከመጽሐፍ አንድ ገጽ ቀድዶ አንብቤዋለሁ እንደ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። የመጀመሪያው፣ ተማሪ ገንዘብም ጊዜም የለውም፤ ፈተና ያለበት ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ አልበም ሊያደምጥ አይችልም የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። ነገር ግን ያንኑ ተማሪ በቀን ውስጥ በቁርጥራጭ ሙዚቃ የሚያሳልፈው ጊዜ ቢደመር ከአንድ አልበም እንደሚበልጥ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛው፣ ሙዚቃ ለመደሰት ነው እንጂ ስም ለመቁጠር አይደለም የሚል ነው። ለዚህ መልሳችን፣ ቡና ጠጪው እንኳ የሊሙን ከሌላው ለይቶ ሲጠጣ ደስታው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም የሚል ነው። ከዚህም በላይ ጉዳዩ የመብት ነው፤ በ2004 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲ የሥራው ደራሲ ሆኖ የመታወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ዩኒቨርሲቲያችን የራሱ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ያለው በመሆኑ የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በሳምንት አንድ ሰዓት ለአንድ ሙሉ አልበም ይሰጥ፤ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ የደራሲው፣ የአቀናባሪውና የተጫዋቾቹ ስም ይነገር፤ የተሰማው አልበም ሁሉ ከነስማቸው በአንድ መዝገብ ተጽፎ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ከኪቶ ፉርዲሳ ተማሪዎችም የራሱን ሥራ በዶርሙ ያዘጋጀ ቢኖር በተራው እንዲሰማ ይደረግ። ምናልባት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለ ጅማ ሙዚቃ የሚያጠና ተማሪ በመጀመሪያ የሚከፍተው ያንን መዝገብ ይሆናል። በዚህ አስተያየት የማይስማሙ ጓደኞቻችንና መምህራኖቻችን ተቃውሟቸውን በሚቀጥለው እትም ቢያወጡልን ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ከመጻፋቸው በፊት ከጠቀስናቸው አልበሞች አንዱን እስከ መጨረሻ እንዲያደምጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።