የምጣድ ጀርባ

ምጣድን የምናውቀው በፊቱ ነው፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ በጎመን ዘር የታሸ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት የጥገና ቤት ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ አገኘሁ። ላሜራው ወልቋል፤ የድሮው ጄሶ ተፍቋል፤ ሸክላው ብቻ ቀርቷል።

ከዳር እስከ ዳር 58 ሳንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ጀርባው ላይ አንድ ፈር ከጠርዙ ሁለት ጣት ገባ ብሎ ይጀምርና እየዞረ መሐል ይደርሳል። የተቀደደው ጭቃው ጠንከር ካለ በኋላ፣ ጨርሶ ሳይደርቅ ነው፤ ከንፈሮቹ አለመሸረፋቸው ያንን ይናገራል። ጥልቀቱ የሸክላውን ግማሽ ያህላል። ከዚያ ቢያልፍ ሸክላው በፈሩ መሥመር ይሰነጠቃል። ጥልቀቱ ቢያንስ ሽቦው ከፈሩ ወጥቶ ሙቀቱን ለታች ይሰጣል።

ሽቦው የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው፤ እንደ ስፕሪንግ ተጠምጥሞ ይመጣል። ጠጋኙ መጀመሪያ ሲባጎ በፈሩ ውስጥ አስተኝቶ ርዝመቱን ለካ። ከዚያ ስፕሪንጉን እስከዚያ ርዝመት ሳበው። አሳሳቡ ላይ ነው ጥበቡ። ቀለበቶቹ የተጠጋጉበት ቦታ ይበልጥ ይግላል፤ እንጀራውም እዚያ ላይ ያርራል። ከተነካኩ ደግሞ ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ ያልፍና የቀረው ሽቦ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። ሰውየው አንድ ክንድ ያህል ይስባል፣ ያቆማል፣ በጥፍሩ ቀለበቶቹን ይዳስሳል፣ ይቀጥላል። አንድ ቦታ ላይ አልጣመውም፤ ፈትቶ እንደገና አስተኛው።

ከዚያ በቴስተር ለካ። 3,500 ዋት ያለው ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ስለዚህ ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 14 ኦም መሆን አለበት። ልኬቱ ከጄሶው በፊት ነው። ጄሶ ከደረቀ በኋላ ማረም ማለት ሁሉንም መፋቅ ነው።

በብርድ አገር የወርክሾፕ ወለል የሚያሞቁ ሰዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ከታች ሙቀት የማያሳልፍ ፎም ያነጥፋሉ፤ የፕላስቲክ ቧንቧ ከብረቱ መረብ ጋር ያስራሉ፤ በግፊት ይፈትሹታል፤ ኮንክሪቱ የሚፈሰው ከዚያ በኋላ ነው። በውጭው ግድግዳ በኩል ቧንቧውን ያጠጋጋሉ፤ ዳር ይበርዳልና። በዚህ ሸክላ ላይም የውጭዎቹ ሁለት ዙሮች ከመሐሎቹ ይልቅ ይቀራረባሉ። ፈሩን የቀደደችው ሸክላ ሠሪ ይህን ያወቀችው ከእንጀራ ጠርዝ ይመስለኛል።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ወጣ እንዳሉ ወለቃ ትገኛለች። የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ሲሠሩ፣ ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩባት መንደር ናት። የደጋ ሸክላ ሠሪ መንኮራኩር የላትም፤ እጇና ማለስለሻ ድንጋይዋ ይበቋታል። አፈሩ ላይ የተፈጨ ገል ትጨምራለች። ገል አንድ ጊዜ እሳት ስላየ ዳግመኛ አይኮማተርም፤ አዲሱን ጭቃ ከመሰንጠቅ ይይዘዋል። ምጣድ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ ከሁሉም ይብሳል። ጥላ ውስጥ በቀስታ ካልደረቀ ጠርዙ ቀድሞ ይነሳል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተነሳም ሊጡ ወደ መሐል ይጠራቀማል።

ጄሶው ቀጥኖ ተበጠበጠ፤ በፈሩ ውስጥ በጣት ተጠቀጠቀ። የአየር ኪስ ከቀረ ሽቦው እዚያ ላይ ሙቀቱን የሚያስረክበው ያጣል። ሁለቱ የሽቦ ጫፎች በቡለን ታሰሩ። በላሜራው ውስጥ ፋይበር ግላስ ተነጠፈ፤ ሸክላው በላዩ ተቀመጠ።

ምጣዱን ለማየት ስመለስ ጄሶው ደርቆ ነበር። የምጣዱ ባለቤት ሊጥ ይዘው መጥተዋል። ተሰካ። ከሽቦው በላይ ያለው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሸክላ ሙቀቱን ከዙር ወደ ዙር እስኪያዳርስ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። የጎመን ዘሩ ጭስ አወጣ።

«ሰምቷል፣ እትዬ» አለ ጠጋኙ።

እርሳቸው ሊጡን ከዳር ጀምረው እያዞሩ ወደ መሐል አፈሰሱት፤ አይተውት በማያውቁት ፈር ላይ፣ በዚያው መንገድ። አክንባሎው ተደፋ። ሲነሳ እንጀራው ዓይን አውጥቷል። ጠጋኙ ግን ዓይኑን አላየም። ሰፌዱ ላይ ገለበጠውና ጀርባውን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ በዙርና በዙር መካከል የነጣ ቀለበት ይፈልግ ነበር። ከጠርዝ እስከ መሐል አንድ ቀለም ነው። ፒንሳውን ወደ ሳጥኑ መለሰ።