በጨለማ ስላበቃው መዝሙር

ሰው ለምኖ ያገኘውን ለመናገር አፉ ፈጣን ነው፤ ለምኖ ያጣውን ግን በሆዱ ይዞት ይኖራል። በየጉባኤውና በየማኅበሩ የምንሰማው ምስክርነት ሁሉ ታሞ የዳነ፣ ጠፍቶ የተገኘ፣ ደኽይቶ የከበረ ሰው ታሪክ ነው። ይህ መልካም ነው፤ ስለ ተቀበሉት ማመስገን ይገባልና። ዳሩ ግን እናቱ እንድትድንለት ሌት ከቀን ጸልዮ በመጨረሻው የቀበራት ወጣት በዚያ ጉባኤ መካከል ምን ብሎ ይነሣ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «እምነትህ ቢጎድል ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ጌታችን በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ሦስት ጊዜ መጸለዩን፣ ጽዋውም አለማለፉን የረሱ ይመስላሉ። ወጣቱም ከዚያን ቀን ወዲያ ወይ ልቡ የሌለበትን ምስጋና በአፉ ብቻ ይደጋግማል፣ ወይም ጸሎቱን ጨርሶ ይተዋል። እኔ ግን ሦስተኛ መንገድ አለ እላለሁ፤ ለዚህም ምስክር አድርጌ የማቀርበው ከመዝሙረ ዳዊት 87ኛውን ነው።

ይህ መዝሙር በዕብራይስጡ አቈጣጠር 88ኛ ሲሆን፣ አርእስቱ የቆሬን ልጆችና ኤማንን ይጠቅሳል። ድርሰቱን እንደ ድርሰት ስንመረምረው አስቀድሞ የሚያስደንቀን በውስጡ የጎደለው ነገር ነው። የኀዘን መዝሙራት አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ አካሄድ አላቸው፤ በጩኸት ይጀምሩና ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ወደ ተስፋ ይመለሳሉ። 12ኛው መዝሙር እስከ መቼ እያለ በመጠየቅ ጀምሮ በዝማሬ ይፈጽማል። ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ መክፈቻውን የተናገረው 21ኛው መዝሙርም ከመተው ሰቆቃ ተነሥቶ በጉባኤ ፊት ወደሚቀርብ ምስጋና ይደርሳል። 87ኛው ግን አይመለስም። ገና ሲጀምር እግዚአብሔርን መድኃኒቱ አድርጎ ይጠራዋል፤ ከዚያ ወዲያ ብርሃን የሚባል ነገር አይታይበትም። ወዳጆቹ ይርቁታል፤ ሕይወቱ ወደ መቃብር ይቀርባል፤ የመጨረሻውም ነገር ጨለማ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የተዘበራረቀ ዋይታ አይደለም። ባለ መዝሙሩ መጮኹን በሦስት ቦታ ይናገራል፤ አንድ ጊዜ ቀንና ሌሊትን፣ አንድ ጊዜ ዕለት ዕለትን፣ አንድ ጊዜም ማለዳን ያነሣል። ጊዜውን የሚለዋውጠው ለጌጥ አይደለም፤ ሳይጮኽ ያለፈው ሰዓት እንደሌለ ለማስረዳት ነው። በመካከሉ ደግሞ ጥያቄዎችን ይደረድራል፤ ሙታን ተነሥተው ያመሰግኑ እንደ ሆነ፣ ቸርነትም በመቃብር ውስጥ ይነገር እንደ ሆነ ይጠይቃል። ይህ ሙግት ነው። ዳኛው ይሰማኛል ብሎ የማያምን ሰው ደግሞ አደባባይ ቆሞ አይሟገትም፤ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ።

በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሰውዬው የሚናገረው ለማን እንደ ሆነ ነው። እግዚአብሔር እንዲህ አደረገኝ ብሎ ለጎረቤቱ አያወራም፤ አንተ እንዲህ አደረግኸኝ ብሎ ለራሱ ለእግዚአብሔር ይነግረዋል። በእኛም ዘንድ ሐሜትና አቤቱታ ልዩ ልዩ ናቸው፤ ሐሜት ከኋላ ነው፣ አቤቱታ ፊት ለፊት ነው። እንግዲህ የዚህ ሰው እምነት ያለው በሚናገረው ነገር መልካምነት ሳይሆን ፊቱን ባለማዞሩ ነው።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለው መዝሙር ተስፋ መቍረጥን ያስተምራል ይል ይሆናል። በእርግጥ ብቻውን ቢነበብ ለልብ ይከብዳል፤ ይህን አልክድም። ዳሩ ግን መዝሙራቱን የሰበሰቡት ሰዎች አንድ የምስጋና ቃል ጨምረው ሊያለሰልሱት ሲችሉ እንዳለ ትተውልናል። መጽሐፈ ኢዮብም ከዚህ ጋር ይስማማል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር፤ ኋላ ግን ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው ተነሡና ኢዮብን በደለኛ አደረጉት። በመጨረሻው የተገሠጹት እነርሱ ናቸው፤ ቅን ነገር ተናገረ የተባለው ሲሟገት የኖረው ኢዮብ ነው።

በአገራችን ዳዊትን በሰባቱ ዕለታት ከፍለው የሚደግሙ ሰዎች ይህን መዝሙር በሐሙስ ድርሻቸው ያገኙታል። ሐሙስ ዕለት ቤቱ ሰርግ ያለበትም ሰው ይደግመዋል፤ እንዲህም ሲያደርግ ላዘነው ባልንጀራው አፍ ይሆንለታል። በዚያው ዕለት ድርሻ ውስጥ ደግሞ 102ኛው የምስጋና መዝሙር ይገኛል፤ ልቡ የተሰበረውም ሰው ይህን ይደግማል፤ ዛሬ ማመስገን ቢያቅተው በሌሎች ምስጋና ይደገፋል። የሚያመሰግነው መዝሙር የሚያለቅሰውን አይገሥጸውም፤ በአንድ መጽሐፍ አብረው ይኖራሉ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ የለመንኸው ሳይሰጥህ ቢቀር ያላገኘኸውን አገኘሁ አትበል፤ ያልተጽናናኸውንም ተጽናናሁ አትበል። አዝነህ እንደ ሆነ ኀዘንህን ይዘህ በዚያው በተለመደው ሰዓት ተነሥተህ ቁም፤ ቃል ቢጠፋህ ይህን መዝሙር ድገም። ባልንጀራህም እንዲሁ ቢያዝን እምነቱን ለመመርመር አትቸኩል። አጠገቡ ተቀመጥ፤ የኢዮብን ወዳጆች ምሰላቸው፣ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀኖች ብቻ።