በካሃማርካ ስለ ወደቀው መጽሐፍ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ የዓለምን ታሪክ የምንማርበት አንድ መጽሐፍ ነበረ። በዚያ ውስጥ ስለ ፔሩ አገር የተጻፈው ከአንድ ገጽ አይበልጥም ነበር። ነገሩም ባጭሩ ይህ ነው፤ የእስፓኙ የጦር አለቃ ፍራንሲስኮ ፒዛሮ ጥቂት ወታደሮች አስከትሎ የኢንካዎች ንጉሥ አታዋልፓ ወዳለበት ደረሰ፤ አንድ መነኵሴም ለንጉሡ ቅዱስ መጽሐፍ አቀረበለት፤ ንጉሡ ግን በትዕቢት መጽሐፉን መሬት ላይ ጣለው፤ ስለዚህም መንግሥቱንና ነፍሱን አጣ።

እኔም በተራዬ መምህር በሆንሁ ጊዜ ይኸንኑ ሳልመረምር ለብዙ ዓመታት አስተማርሁ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ከተቀመጡት ልጆች አንዱ ተነሥቶ «መምህር፣ መጽሐፉ የተጻፈው በምን ቋንቋ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር፤ አላውቅም ማለትም አፍሬ «አርፈህ ተቀመጥ!» ብዬ ተቈጣሁት። ልጁም ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ በእኔ ክፍል ጥያቄ ሲጠይቅ አላየሁትም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ነገሩን በዓይናቸው ያዩ ወይም ካዩት የሰሙ ሰዎች የጻፏቸውን መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ትርጕም እየፈለግሁ አነበብሁ። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፍላችሁ ስለነዚያ መጻሕፍት የደረስሁበትን አስተያየት ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነበበው የፍራንሲስኮ ዴ ሄሬዝ ጽሑፍ ነው። ሄሬዝ የፒዛሮ ጸሓፊ ነበረ። ኖቬምበር 16 ቀን 1532 ዓ.ም. አታዋልፓ በተያዘበት ዕለት በካሃማርካ ነበረ፤ መጽሐፉም በ1534 በሴቪሊያ ከተማ ታተመ። እርሱ እንደሚለው፣ ቪሴንቴ ዴ ቫልቬርዴ የሚባለው የዶሚኒካውያን መነኵሴ በአስተርጓሚ አማካይነት ለንጉሡ ከተናገረ በኋላ መጽሐፉን እንደ ተዘጋ ሰጠው። ንጉሡም መክፈት አቃተው። መነኵሴው ሊከፍትለት እጁን ቢዘረጋ ንጉሡ ክንዱን መታው፤ ኋላም ራሱ ከፈተው፤ በፊደሉና በወረቀቱ ግን ሳይደነቅ አምስት ወይም ስድስት ርምጃ ያህል ወረወረው።

ሄሬዝ ይህን ሲጽፍ አንባቢው በንጉሡ ላይ እንዲቈጣ ይፈልጋል። ሆኖም ያየውን ነገር መተው የማይሆንለት ሰው ነበርና፣ የተዘጋውን መጽሐፍና በሰው ሁሉ ፊት ለመክፈት የሚታገለውን ንጉሥ ጽፎልናል። በአደባባይ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ንጉሥ መሆን አያስፈልግም። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። መነኵሴው ገና ከንጉሡ ፊት ሳይቀርብ፣ ፈረሰኞቹና እግረኞቹ በአደባባዩ ዙሪያ ባሉት ቤቶች ተደብቀው፣ መድፉም ተጠምዶ፣ የመነሻው ምልክት ተወስኖ እንደ ነበረ የሚነግረን ይኸው ሄሬዝ ነው። የፒዛሮ ሰዎች 168 ብቻ ነበሩ፤ ከንጉሡ ጋር ከገቡት ሺዎች አብዛኞቹ የጦር መሣሪያ አልያዙም። እንግዲህ ንጉሡ መጽሐፉን ስሞ በራሱ ላይ ቢያኖረው ኖሮ ፈረሰኞቹ ወደ በረታቸው ይመለሱ ነበርን? ሄሬዝ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ እኔም ሳስተምር አልጠየቅሁም።

የእስፓኝ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር በሕግ መልክ ማድረግን ከዚያ በፊት ለምደውታል። በ1513 የተዘጋጀ አንድ ጽሑፍ ነበራቸው፤ ጦር ከመክፈታቸው በፊት ለአገሩ ሰዎች እያነበቡ ለቤተ ክርስቲያንና ለእስፓኝ ነገሥታት ገብሩ፣ እንቢ ብትሉ ግን ለሚደርስባችሁ ጥፋት ራሳችሁ ናችሁ ተጠያቂዎቹ ይሏቸው ነበር። የሚነበበውም ሰሚዎቹ በማያውቁት ቋንቋ ነው። ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ የተባለው የራሳቸው አገር መነኵሴ ስለዚህ ጽሑፍ ሲናገር ይስቅ ወይስ ያለቅስ እንደ ቸገረው ገልጿል።

ሁለተኛው መጽሐፍ የቲቱ ኩሲ ዩፓንኪ ነው። ይህ ሰው የአታዋልፓ የወንድሙ ልጅ ነው፤ እስፓኞች ገና ድል አድርገው ባልያዙት በቪልካባምባ ተራራማ አገር ይገዛ ነበር፤ በ1570 ታሪኩን በቃሉ እየተናገረ አስጻፈ። እንደ እርሱ አነጋገር ነገሩ የተጀመረው በመጽሐፍ አይደለም፤ በጽዋ ነው። አጐቱ ለመጡት እንግዶች በወርቅ ጽዋ የአገሩን የበቆሎ ጠላ ሰጣቸው፤ እነርሱ ግን መሬት ላይ ደፉት። ኋላ መጽሐፉን ባመጡለት ጊዜ ንጉሡ ስለ ተደፋው መጠጥ ተቈጥቶ ነበርና እርሱም የእነርሱን ጣለ። ለእኔ ከሁሉ አብልጦ የገባኝ ይህ ትረካ ነው። ባለቤቱ የሰጠውን መጠጥ ከደጁ ላይ የሚያፈስ እንግዳ ምን ዓይነት እንግዳ እንደሚባል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ይሁን እንጂ ቲቱ ኩሲ በካሃማርካ አልነበረም፤ ጽሑፉንም ያስጻፈው ለእስፓኝ ንጉሥ መብቱን ለማስረዳት ስለሆነ፣ የወገኖቹን በደል እንደማይዘረዝር አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

በደል ደግሞ ነበረ። አታዋልፓ የዋህ በግ አልነበረም። ከወንድሙ ከዋስካር ጋር ስለ ዙፋን ተዋግቶ ድል ያደረገው በዚያው ጊዜ ነው፤ ሠራዊቱ የዋስካርን ቤተ ሰብ ፈጅቷል፤ ራሱም እስረኛ ሳለ ወንድሙ እንዲገደል አድርጓል። አንዳንድ የዛሬ ጸሓፊዎች ይህን አልፈው ሲሄዱ አያለሁ። የተበደለ ሰው ሁሉ ጻድቅ መሆን አለበት ብሎ ማሰብ የሕፃን ሐሳብ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ጸሓፊ ጓማን ፖማ ዴ አያላ የሚባል የአገሩ ተወላጅ ነው። በ1615 ገደማ ወደ 1200 ገጽ የሚደርስ መጽሐፍ በእጁ ጽፎ፣ 400 ያህል ሥዕል ስሎበት፣ ለእስፓኝ ንጉሥ ለሣልሳዊ ፊልጶስ አሰናዳው። መጽሐፉ ተረስቶ ኖሮ በ1908 በዴንማርክ አገር በኮፐንሃገን የንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። የእስፓንኛው ሰዋስው የተበላሸ ነው፤ ቃሉ ከአገሩ ከኬቿ ቋንቋ ጋር ተቀላቅሏል፤ በዚያ ቀን በካሃማርካ ያልነበረውን ዲየጎ ዴ አልማግሮንም ከፒዛሮ ጋር ያገባዋል። በፈተና ወረቀት ላይ ቢመጣልኝ ቀይ ቀለም አያልቅብኝም ነበር ለማለት አልችልም።

ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። በእርሱ ትረካ ንጉሡ መነኵሴውን ይህን ሃይማኖት ማን ነገረህ ብሎ ይጠይቀዋል፤ መነኵሴውም መጽሐፉ ነገረኝ ይለዋል። ንጉሡ እስኪ ለእኔም ይንገረኝ ብሎ ተቀበለ፤ ቅጠሉን ገለጠ፤ ጠበቀ። መጽሐፉ ዝም አለ። ያን ጊዜ ለምን አይናገረኝም ብሎ ጣለው። የኢንካዎች መንግሥት ፊደል አልነበረውም፤ የሕዝቡንና የእህሉን ቍጥር የሚጠብቁት በክር ላይ በሚቋጠር ቋጠሮ ነው፤ ክሩንም የሚያውቅ ሰው እየዳሰሰ በቃል ያስረዳ ነበር። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ንጉሥ መጽሐፉ ነገረኝ ሲሉት ተናገር ማለቱ ቀጥተኛ ልመና ነው እንጂ ስድብ አይደለም። እኔም ሚሲዮን ሳልገባ በልጅነቴ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ግዕዙን ግን አልሰማውም ነበር። ያ መጽሐፍ ለእኔም ዝም ያለ ነበረ፤ የፈራሁት ግን የመምህሬን አለንጋ እንጂ መድፍ አልነበረም።

የጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋን ባጭሩ ልለፈው። አባቱ የእስፓኝ መኰንን፣ እናቱ የኢንካ ወይዘሮ ናት። በ1617 በታተመው መጽሐፉ ንጉሡ ምንም አልጣለም፤ መነኵሴው ደንግጦ ሲነሣ መጽሐፉ ወደቀበት ይላል። አጻጻፉ ውብ ነው፤ ሆኖም የአባቱንና የእናቱን ወገን ለማስታረቅ የሚደክም ልጅ ድምፅ ይሰማኛል፤ አዝንለታለሁ፣ አላምነውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። አታዋልፓ 22 ጫማ ርዝመትና 17 ጫማ ወርድ ያለውን ክፍል አንድ ጊዜ በወርቅ ሁለት ጊዜ በብር እሞላለሁ ብሎ ቤዛ ሰጠ፤ ወርቁን ተቀበሉት፤ በ1533 ደግሞ በእሳት እንዲቃጠል ፈረዱበት፤ ጥምቀትን በተቀበለ ጊዜ ፍርዱ በገመድ ወደ መታነቅ ተለወጠለት። እኔ መጽሐፉን ከሚያከብሩት ወገን ነኝ፤ ነገሩ የሚከነክነኝም ስለዚህ ነው።

ያ ተማሪዬ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ የልጆች አባት ሆኖ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ከእጁ ቢገባ፣ ያን ቀን ልሰጠው ይገባኝ የነበረው መልስ እነሆ፤ የእኔ ልጅ፣ የዚያን ዘመን የመነኵሴ መጽሐፍ በላቲን ነበር። ንጉሡ አያነበውም፤ ከወታደሮቹም ብዙዎቹ አያነቡትም። ፒዛሮ ራሱ ፊደል አልቈጠረም፤ ወረቀት ሲያጸድቅ ሁለት ምልክት በብዕር ይሠራል፤ ስሙን በመካከላቸው የሚጽፍለት ጸሓፊው ነበር።