መጽሐፉና ነገሩ፤ ስለ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የቀረበ አስተያየት

ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. ያሳተሙት «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለው መጽሐፍ ከአማርኛ የታሪክ ድርሰቶች መካከል ከፍ ያለ ስፍራ አለው። ደራሲው ጃፓንንና ኢትዮጵያን አነጻጽረው፣ አንዲቱ ስትሠለጥን ሌላዪቱ ስለ ምን ወደ ኋላ እንደ ቀረች ይመረምራሉ። ጥያቄው የደፋር ሰው ጥያቄ ነው፤ አጻጻፉም የጠራ ነው። ዳሩ ግን ንጽጽሩ ሙሉ እንዲሆን አንድ ነገር ሊጨመርበት ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሁለቱም መንግሥታት በአንድ ዘመን በራቸውን ዘግተዋል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1632 ከነገሡ በኋላ የኢየሱሳውያንን ሚሲዮን ከአገር አስወጡ፤ ጃፓንም በ1639 ፖርቱጋሎችን አገደች። በአውሮፓ ግን ጋሊሌዮ በ1610 የጁፒተርን ጨረቃዎች አይቶ፣ ሃርቬይም በ1628 የደምን ዝውውር ገልጾ ነበር። እንግዲህ በሩ የተዘጋው አዲሱ ሳይንስ በሚወለድበት ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ከዘጉ፣ መዝጋቱ ብቻውን ልዩነቱን አያስረዳም።

ጃፓን በናጋሳኪ ወደብ ዴጂማ የምትባለውን ትንሽ ደሴት ለሆላንድ ነጋዴዎች ትታ ነበር። በ1720 ክርስትናን የማይሰብኩ የውጭ መጻሕፍት እንዲገቡ ተፈቀደ። በ1771 ሐኪሙ ሱጊታ ጌንፓኩና ባልንጀሮቹ በሆላንድ ቋንቋ የተጻፈ የአካል ክፍሎች መጽሐፍ ይዘው፣ በሞት የተቀጣች ሴት ሬሳ ሲከፈት ተመለከቱ። የመጽሐፉ ሥዕል ከገላው ጋር ተስማማ፤ ከቻይና የወረሱት ትምህርት ግን አልተስማማም። ስለዚህ ቋንቋውን በሚገባ ሳያውቁ ከቃላቱ ጋር እየታገሉ ተርጕመው በ1774 አሳተሙት።

በዚያው በ1771 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጐንደር ነበር። ቴሌስኮፕና የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት መሣሪያ ይዞ መጥቷል። መሣሪያዎቹ ከእንግዳው ጋር መጡ፤ ከእንግዳው ጋር ሄዱ። ስለ እነርሱ የሚያስተምር መጽሐፍ ወደ ግእዝ ወይም ወደ አማርኛ የመለሰ አልተገኘም። እንግዳው ግን የግእዙን መጽሐፈ ሄኖክ ይዞ ተመለሰ።

ይህ የሆነው አገራችን ሊቃውንት አጥታ አይደለም። አባ ጎርጎርዮስ ከዚያ አስቀድሞ በ1652 በጀርመን አገር በጎታ ከተማ ለሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ቋንቋና ታሪክ አስረድተዋል። ሉዶልፍ በ1661 የግእዝ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በባሕር ሰጥመው ቀሩ። የእኛ ዕውቀት ተተርጕሞ ወጣ፤ የእነርሱ ተተርጕሞ አልገባም።

ስለዚህ ሥልጣኔ የሚገባው በሩ ስለ ተከፈተ ብቻ ሳይሆን፣ መጽሐፉን ከነገሩ ጋር አስተያይቶ ለወገኑ የሚተረጕም ሰው ሲገኝ ነው። ዛሬ በዓለም ገና አንድ ተማሪ የውጭውን የሞተር መጽሐፍ ዘርግቶ ሞተሩን ቢፈታ፣ የጌንፓኩን ሥራ እኩሌታ ሠራ ማለት ነው። የቀረው እኩሌታ መጽሐፉን ባልንጀራው በሚያነበው ቋንቋ መመለስ ነው። ከበደ ሚካኤል ጥያቄውን አቅርበውልናል፤ መልሱ ከመምህራንና ከተማሪዎች ብዕር ይጠበቃል።