ተረት በአንድ ሸራ ላይ፦ የዕዝራ ውቤ «ሒሳብ» እና የደጋው ልጅ

ሥነ ቃላችንን ከአፍ ወደ መጽሐፍ የማሻገሩ ሥራ እንግዳ አይደለም፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» ለዚህ ምስክር ነው። ተረት በጽሑፍ ሲሰፍር ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጣም ብዙ ተብሏል። በተለምዶ ካርቱን ወይም አኒሜሽን ወደምንለው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲሻገር የሚሆነው ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ አጭር ፊልም፣ በሠዓሊ ዕዝራ ውቤ «ሒሳብ» (እ.ኤ.አ. 2011) አማካይነት ያነሣል። መመዘኛው ተመልካች ደግሞ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ የሚያድግ ልጅ ነው።

ዕዝራ አዲስ አበባ ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ሠዓሊ ነው። የፊልሙ መነሻ ሁላችንም የምናውቀው ተረት ነው። አህያ፣ ውሻና ፍየል በአንድ መኪና ይሳፈራሉ። አህያ ሒሳቧን ከፍላ ትወርዳለች፤ ውሻ ከፍሎ መልሱን ይከለከላል፤ ፍየል ሳትከፍል ታመልጣለች። ስለዚህ ዛሬም መኪና ሲመጣ አህያ ከመንገድ ንቅንቅ አትልም፤ ውሻ እየጮኸ ያሳድዳል፤ ፍየል ትበረግጋለች።

ይህ የነገሮችን መነሻ ከሚያስረዱ ተረቶች ወገን ነው። የዚህ ዓይነቱ ተረት ልዩ ጠባይ ማስረጃው ከተረቱ ውጭ መሆኑ ነው። ማታ እሳት ዳር የሰማው ልጅ በማግሥቱ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ከብት ሲጠብቅ ተረቱን በዐይኑ ያረጋግጣል። ተራኪው ግማሹን ይናገራል፤ ቀሪውን ልጁ ራሱ ከመንገዱ ላይ ያነባል። ስለዚህ ፊልም ሠሪው የሚጠብቀው አደጋ ግልጽ ነው፤ ሁሉን ካሳየ ለልጁ የሚተርፈው የለም።

«ሒሳብ» ከዚህ አደጋ የሚድነው በአሠራሩ ነው። ዕዝራ እያንዳንዱን ቅጽበት በተለየ ወረቀት አልሣለም፤ በአንድ ሸራ ላይ ይሥላል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ በላዩ ላይ መልሶ ይሥላል። አዲሱ ሥዕል የሚወለደው አሮጌውን ሸፍኖ ነው፤ አሮጌው ግን ከሥር ይቀራል። የቃል ተረትም እንዲሁ ነው። አያት የተረተችውን እናት ስትደግመው የፊተኛው ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም። በመጨረሻም ሸራው ላይ የሚቀረው አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ ሌላው በካሜራው ትውስታ ይኖራል፤ የተራኪ ድምፅ በሰሚው ትውስታ እንደሚኖር ሁሉ። እዚህ ላይ ቅርጹ ለይዘቱ የተጫነ ጌጥ ሳይሆን የሥነ ቃል ባሕርይ በቀለም የተገለጠበት መንገድ ነው።

ይሁንና ፊልሙን ለደጋው ልጅ ስናቀርበው ሁለት ጉድለቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው የተራኪው ነገር ነው። ተራኪ «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ታዳሚ ይፈልጋል፤ ፊልም መልስ አይጠብቅም። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ሲተርቱ ይህን ክፍተት የሞሉት ሰላምታቸውን ቀጥታ ለልጆቹ በማቅረብ ነበር፤ ቴክኒኩ ቀላል ቢሆንም ተራኪው ከመስታወቱ ወዲህ ያለ ያህል ይሰማ ነበር።

ሁለተኛው የመቼት ነገር ነው። የ«ሒሳብ» ዓለም አዲስ አበባ፣ መኪናውም ሕዝቡ «ሰማያዊ አህያ» ያለው ሚኒባስ ነው። ይህ ለከተማው ልጅ ሠምና ወርቅ ያለው ቀልድ ነው፤ ለጓሳ እረኛ ግን ወርቁ ይሰወርበታል። ችግሩ የዚህ ፊልም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው የዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በአማርኛ ልጆችን በማስተማር ረገድ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ግን ቀጭኔ ናት። የመንዝ ልጅ የሚያውቀው ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮንና ጅብራን ነው። የራሱን አገር በመስኮቱ ሳያይ ያደገ ልጅ ተረት የሌላ አገር ንብረት ይመስለዋል።

ታዲያ የደጋው ፊልም ከየት ይምጣ? ድካሙ ቀላል አይደለም። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ይፈልጋል፤ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እያነሡ ቢቆጥቡ እንኳ የአምስት ደቂቃ ሥራ 3,600 ሥዕል ይጠይቃል። ያለ ድርጅት ድጋፍ ለሚሠራ ሰው ይህ የወራት ዕድሜ ነው። ነገር ግን የዕዝራ ሥራ የሚያስተምረን ድህነት ራሱ ቅርጽ ሊሆን እንደሚችል ነው፤ አንድ ሸራ በቅቶታል። በመንዝ ባናና ዝተት የሚሠራበት የበግ ፀጉር፣ እረኞች ላምና በሬ የሚያበጁበት ጭቃ ሁሉ ካሜራ ፊት በጥቂት በጥቂቱ እየተነካ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ጭብጥም ሞልቷል። ጓሳን ለዘመናት የጠበቀው ቄሮ የተባለው ሥርዓት፣ ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ በጋራ ውሳኔ የሚከፈትበት ደንብ፣ እርሱም የሒሳብ ተረት ነው፤ ማን ወሰደ፣ ማን ተወ፣ ማን ለነገ አሳደረ የሚል።

በአጠቃላይ «ሒሳብ» ለተረት ታማኝ የሆነው ታሪኩን ስለደገመ ሳይሆን የመተረቱን ሂደት ስለተከተለ ነው። የሥነ ቃል ተማሪዎች ከዚህ የምንወስደው ትምህርት የሰበሰብነውን ተረት በመዝገብ ቤት ከማስቀመጥ ባሻገር ለሠዓሊ እንዴት እንደምናስረክብ ማሰብ ነው። ስናስረክብም ቃሉን ብቻ ሳይሆን የተራኪውን ዝምታ፣ የታዳሚውን ምላሽና ተረቱ የሚረጋገጥበትን መንገድ አብረን ማስረከብ ይገባናል። ያለዚህ ፊልሙ ቢያምርም ውሻው መልሱን ሳያገኝ ይቀራል።