ጥሩ አረቄ በምን ይታወቃል?

ስለ አረቄ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው ኃይሉ ነው። «ክብሪት ሲጭሩበት ይነዳል» ከተባለ ሻጯም ገዢውም ነገሩ ያለቀለት ያህል ይስማማሉ። ቤንዚንም ይነዳል። ለመንደድ በቂ አልኮል መኖሩ ብቻ ይበቃል፤ አልኮሉን ደግሞ እንጨት መማገድ የሚችል ሁሉ ያወጣዋል። ጊምቢቹ ውስጥ አንዲት እናት አረቄ ስታወጣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ካየሁ ወዲህ፣ መለኪያ ሲቀርብልኝ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ያወጣችው ሴት የትኛውን ወስዳ የትኛውን ተወች?

ጊምቢቹ ከሆሳዕና በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለው፣ የሀዲያው የሶሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ሀዲያ የስንዴና የእንሰት አገር ነው፤ ወደ ኦሞ የሚወርደው ቆላው ደግሞ በቆሎና ማሽላ ይሰጣል። ስለዚህ የአረቄ እህል አይቸግርም። ይልቅ የሚቸግረው ጠጪ ነው። የሱዳን ውስጥ ሚሲዮን መልእክተኞች በ1920 ዓ.ም. ገደማ ወደ አካባቢው ከገቡ ወዲህ የወንጌላውያን እምነት በሀዲያና በከምባታ ሥር ሰዷል። የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ምእመን መጠጥ አይነካም፣ ሙስሊሙም እንዲሁ። አረቄ የምታወጣ ሴት ጎረቤቶቿ የሚነቅፉትን ሥራ ይዛ ነው የምትኖረው። ይህ ግን ሙያውን የጎዳው አይመስለኝም። ሁሉም በሚጠጣበት ከተማ መጥፎውም ይሸጣል፤ ጠጪ በሚያንስበት ግን አንድ ደንበኛ ጠዋት ራሱን ይዞ ከተነሣ ወሬው እስከ ማታ ይዳረሳል።

ሥራው የሚጀመረው እሳቱ ከመነደዱ ብዙ ቀን ቀደም ብሎ ነው። የተወቀጠ ጌሾና የተፈጨ ብቅል በውኃ ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ጥቂት ቀን ከቆየ በኋላ ኪታ ተጋግሮ፣ ተቆራርሶ ይገባበትና ድፍድፉ እንደገና መፍላት ይጀምራል። ብቅሉ የኪታውን ስታርች ወደ ስኳር፣ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ብዙ አረቄ የሚበላሸው እዚህ ላይ፣ በችኮላ ነው። ገና ያልበረደ ድፍድፍ ጋኑ ላይ ጆሮ ቢያስጠጉ ይንሾካሾካል። ዝም ሲል፣ ኪታው ሲሰጥምና ከላይ ያለው ሲጠልል ደርሷል ማለት ነው። ሳይደርስ እሳት ላይ የወጣ ድፍድፍ የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ያልተበላው ስኳርም ታች ያርራል። አልፎበት የሰነበተው ደግሞ ይኮመጥጣል፣ ኮምጣጣነቱም ከእንፋሎቱ ጋር ተሻግሮ አፍንጫ ይወጋል።

ስለ ጌሾ አንድ ነገር ልበል። ጠላና ጠጅ ውስጥ የጌሾን ምሬት እንጠጣዋለን። አረቄ ውስጥ ግን ምሬቱ አይገባም፤ መራራው ነገር የማይተን በመሆኑ ከአተላው ጋር እንስራው ውስጥ ይቀራል። የሚሻገረው መዓዛው ብቻ ነው። ስለዚህ «ጌሾ በዝቶበት ነው የመረረው» የምትል ሻጭ ካጋጠመች ሰበብ እየሰጠች ነው። የመረረ አረቄ ወይ አርሯል፣ ወይ መጨረሻ ላይ የሚወርደው ተደባልቆበታል።

ዕቃው ቀላል ነው። እሳት ላይ የተጣደ እንስራ አለ፤ ከክዳኑ ሸምበቆ ይወጣል፤ ሸምበቆው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የተዘፈዘፈ መቀበያ ውስጥ ይገባል። አሁን አሁን በእንስራው ፈንታ በርሜል፣ በሸምበቆው ፈንታ የብረት ቱቦ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። የባለሙያዋ እጅ የሚታወቀው መጋጠሚያዎቹ ላይ ነው። ያየኋት ሴት ጭቃውን ከአመድ ጋር ለውሳ የእንስራውን አፍ የለሰነችው አውራ ጣቷን ሳታነሣ፣ በአንድ ዙር ነበር። ደጋግመው የነካኩት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም እንፋሎት ያመልጣል፤ ቀድሞ የሚያመልጠው ደግሞ አልኮሉ ነው። ለስና ስትጨርስ ጭቃው ላይ የጣቷ አሻራ እንኳ አልቀረም። ማንም አያየውም፤ ማታ ተሰብሮ ይጣላል። እንዲያም ሆኖ አስተካክላ ለሰነችው።

ከዚያ እሳቱ። ንጹሕ አልኮል በባሕር ወለል ከፍታ በ78 ዲግሪ ገደማ፣ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላሉ። ሆሳዕና 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና እዚያ ውኃው ራሱ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የደጋ አረቄ በዝቅ ያለ ሙቀት መውጣቱ ጥሩ ዕድል ነው፤ ማገዶ ለሚያበዛ ሰው ግን ዕድሉ ምንም አይሠራለትም። እሳት ሲበዛ ድፍድፉ ይገነፍላል፣ ኪታው ታች ተጣብቆ ያርራል፣ ውኃውም አልኮሉን ተከትሎ ይወጣል። ሴትየዋ ቴርሞሜትር የላትም። በየመካከሉ መዳፏን ሸምበቆው ላይ እያሳለፈች ሙቀቱ የት ድረስ እንደመጣ ታያለች፤ ፈጠን ብሎ ከሄደባት አንድ ግንድ ትስባለች። መቀበያው የተዘፈዘፈበት ውኃ ለብ ሲል ትለውጠዋለች። ይህን የምታደርገው ወሬ ሳታቋርጥ ነው። ዓይኗ ወደ እኔ፣ እጇ ወደ ሸምበቆው።

ዋናው ጥበብ መቁረጡ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው ጥቂት ፈሳሽ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ስለት ያለው ሽታ አለው፤ አሴታልዴሃይድና ኢቲል አሲቴት የሚባሉት ናቸው። ይህ ይደፋል። (አንዳንዱ ሰው የሚገድለው ሜታኖል የሚወገደው እዚህ ላይ ይመስለዋል። ሜታኖል በብዛት የሚመጣው ከፍራፍሬ ፔክቲን ስለሆነ ከእህል ድፍድፍ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። በአረቄ ስም ሰው ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከውጭ የተደባለቀ ሜታኖል ነው፤ ከማያውቁት ቤት አለመግዛት የሚበጀውም ለዚህ ነው።) ቀጥሎ መካከለኛው ይመጣል፤ የሚጠጣው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ አልኮሉ እየሳሳ፣ ከባድና ዘይታማ የሆነው ነገር እየበዛ ይሄዳል።

መካከለኛው የት ያበቃል? ጠብታ በእጇ ጀርባ ላይ አድርጋ ታሸዋለች፣ ታሸታለች። እንደገና። ከዚያ፣ መቀበያው ገና አልሞላም ስል፣ አነሣችውና ሌላ ዕቃ አስገባች። የሚወርደው ለእኔ ዓይን ከፊተኛው አይለይም፤ ጥርት ያለ ነው፣ አልኮልም አለው። «ልጄ፣ ይኼ ለሰው አይሰጥም» አለችኝ። ለሚቀጥለው ድፍድፍ ትመልሰዋለች። ያ ዕቃ ስንት መለኪያ እንደሚሆን አስቡት። ብትቀላቅለው የሚያውቅባት የለም፤ ገንዘቡም የዚያኑ ቀን ይገባላት ነበር። እኔ ሙያ የምለው ይህን ነው።

አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል፤ አልኮሉ 34 በመቶ ገደማ ነው። እሱ እንደገና እሳት ላይ ሲወጣ ዳግም ይሆናል፣ ወደ 46 በመቶ ይጠጋል። አሠራሩ ለዓለም እንግዳ አይደለም። የፈረንሳዩ ኮኛክ በሕግ ሁለት ጊዜ፣ በመዳብ ዕቃ መውጣት አለበት፤ የመጀመሪያው ዙር 30 በመቶ፣ ሁለተኛው 70 በመቶ ገደማ ይደርስና በርሜል ውስጥ ለዓመታት ይተኛል። የእኛ ዳግም በርሜል ስለማያውቅ የሚያለሰልሰው ነገር የለም። ሰው ዳግምን የሚያከብረው በዋጋውና በኃይሉ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ዳግም የተራውን ጉድለት በከፊል ይሸፍናል፤ ሲሸፍን ግን የእህሉንም ጣዕም ይዞ ይሄዳል። የሚደብቅ ነገር የሌላት አውጪ ተራዋን ያለ ሐሳብ ትቀዳለች።

ከሌላው ጋር ሳወዳድረው፣ የደብረ ብርሃን አረቄ ደረቅና ሹል ነው፤ ዝናው የተገባ ነው፣ ለብርዱም ይስማማል። የጎጃም የግብጦ አረቄ ከዋጡት በኋላ ምላስ ላይ የሚከርም የራሱ የሆነ ጣዕም አለው፤ የለመደው ሌላ አይፈልግም፣ ያልለመደው ሁለተኛ አይጠይቅም። የማር አረቄ ከሁሉ ይለሰልሳል፤ ለስላሳነቱ ግን ብዙ ስሕተት ይሸፍናል። ጠጅን ከእነዚህ ጋር ማወዳደር አግባብ አይመስለኝም። አልኮሉ ከ7 እስከ 11 በመቶ ያለ፣ በብርሌ ቀስ ተብሎ የሚጠጣ ሌላ ሙያ ነው።

የፋብሪካው መንገድ ፍጹም ተቃራኒ ነው። አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ባሮ ጂንን፣ ኡዞንና ፈርኔትን የመሳሰሉትን ሲሠራ መነሻው ከስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስ የሚገኝ አልኮል ነው። እንዲህ ያለው አልኮል 96 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ስለሚጣራ የመነሻው ጣዕም አይቀርበትም፤ ጣዕሙ በኋላ ይጨመርበታል። የዛሬው ጠርሙስ ካምናው አይለይም፤ ይህም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ልናቃልለው አይገባም። ከባሮ ጂን የምጠብቀው ንጽሕናን ነው፣ እሱንም አገኛለሁ። የትኛው እህል እንደሆነ ግን አልጠይቀውም።

ለመፈተን ከክብሪቱ ይልቅ ውኃ ይሻላል። ኡዞ ላይ ውኃ ሲጨመር ወተት ይመስላል፤ አልኮሉ ውስጥ የሟሟው የአኒስ ዘይት ውኃ ሲበዛበት ስለሚለያይ ነው፣ እንዲያ መሆንም አለበት። አኒስ የሌለበት የእህል አረቄ ውኃ ሲነካው ከደፈረሰ ግን መጨረሻ ላይ የሚወርደውን ዘይታም ነገር ሳይቆርጡ ቀላቅለውበታል ማለት ነው። ጥቂት አረቄ መዳፍ ላይ አሽቶ አልኮሉ እስኪተን መጠበቅም ደግ ነው፤ ከስሩ የቀረው ሽታ ዳቦ ዳቦ ካለ እህሉ አለ፣ ጭስ ወይም እርጥብ ጆንያ ካለ ይመልሱት።

የጊምቢቹዋ ተራ ውኃ ጠብ ሲደረግባት አልደፈረሰችም። ከባሮ ጂን በንጽሕና፣ ከደብረ ብርሃኑ በኃይል፣ ከማር አረቄው በልስላሴ ታንሳለች። መዳፌ ላይ ስንዴው የሸተተኝ ግን እሷን ስቀምስ ብቻ ነው፤ እኔ አንደኛ የምላት እሷን ነው።